ኦሌ የሚባለው መቼ ነው?

በደቡባዊ ስፔን በአንዳሉሲያ፣ በተለይም ፍላሜንኮ ተወልዶ ባደገባቸው በሴቪያ፣ በካዲዝና በሄሬዝ ዴ ላ ፍሮንቴራ፣ የሙዚቃ አዳማጭ ጨዋታው እስኪያልቅ ዝም ብሎ ጠብቆ በመጨረሻ የሚያጨበጭብ ታዳሚ ተደርጎ አይቆጠርም። ዘፋኙ ሲያንጎራጉር፣ ጊታር መቺው ሲደረድር፣ ተወዛዋዧ ወለሉን በተረከዟ ስትመታ እሱም የራሱ ድርሻ አለው፤ በመካከል ቃል ይጥላል፣ ያበረታታል፣ አንዳንድ ጊዜም ዝም በማለት ይፈርዳል። ከሚጥላቸው ቃላት ሁሉ የስፔንን ድንበር ተሻግራ ዓለም የለመዳት «ኦሌ» ናት። ሁለት ፊደል ብቻ የሆነችውን ይህችን የአድናቆት ቃል ማንም ሰው አንዴ ሰምቶ ሊደግማት ይችላል፤ ሆኖም ፍላሜንኮን ለመማር ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች የእግሩን እርምጃና የጊታሩን አመታት ከለመዱ ከብዙ ጊዜ በኋላም ቢሆን ኦሌን በቦታዋ ማለት ሲያቅታቸው ይታያል።

ከአዳማጩና ከአጃቢዎቹ ወገን የሚመጣው ይህ የቃልና የጭብጨባ ድጋፍ በጥቅሉ «ሃሌኦ» ይባላል። ስያሜው «ሃሌአር» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ግሱ በስፔንኛ መዝገበ ቃላት ከያዛቸው ፍቺዎች አንዱ አዳኝ ውሾቹን እየጮኸ አውሬውን እንዲከተሉ መገፋፋቱን የሚያመለክት ነው፤ ሃሌኦም በጠባዩ ያለቀን ነገር ከማመስገን ይልቅ ገና በመሠራት ላይ ያለውን ወደፊት ለመግፋት ያደላል። ስለ ፍላሜንኮ የሚጻፉ መጻሕፍት ጥበቡን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ይከፍሉታል፤ እነሱም «ካንቴ» ማለትም ዘፈኑ፣ «ባይሌ» ማለትም ውዝዋዜው፣ «ቶኬ» ማለትም የጊታሩ አመታት ናቸው። ሃሌኦን አራተኛ አድርጎ የማይቆጥር መጽሐፍ ግን ከተጫዋቾቹ ጋር አንድ ሌሊት እንኳ ያደረ ሰው የጻፈው አይመስልም።

የሃሌኦ ቃላት ብዙ ናቸው። «ቫሞስ» (እንሂድ) የሚለው ሊጀምር ያለውን ያነሣሣል፤ «ቶማ» (እንካ) ከጠንካራ የእግር ምት ጋር አብሮ ይወረወራል፤ «ኤሶ ኤስ» (እሱ ነው) እና «አሲ ሴ ካንታ» (እንዲህ ነው መዝፈን) የሚሉት ደግሞ ፍርድ የያዙ ናቸው፤ «አጉዋ» የሚለው ቃል ፍቺው ውኃ ቢሆንም ጨዋታው ሲሞቅ ማንም የተጠማ ሳይኖር ይጮኻል። ኦሌ ግን ከእነዚህ ሁሉ የምትለየው ለሁሉም ቦታ የምትሆን በመሆኗ ነው፤ ስታጥር ማበረታቻ፣ ስትረዝም አድናቆት፣ በትንፋሽ ስትነገር ሐዘን ተጋሪ ትሆናለች። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል» ብሎ ስንኝ የሚያቀብል ሰው ያየ አንባቢ አዳማጭ የጨዋታው አካል መሆኑ አይገርመውም፤ ልዩነቱ አዝማሪው ሙሉ ስንኝ ሲቀበል የፍላሜንኮው ዘፋኝ የሚቀበለው ሁለት ፊደል ብቻ መሆኑ ነው።

ስለ ቃሏ አመጣጥ ለጎብኚዎች በተደጋጋሚ የሚነገረው፣ ሙስሊሞች አንዳሉሲያን ይገዙ በነበረበት ዘመን ከፈጣሪ የአረብኛ ስም ወይም «ወላሂ» ከሚለው መሐላ ተወስዳ ቀርታለች የሚል ታሪክ ነው። ታሪኩ ለጆሮ ይጥማል፤ ይሁን እንጂ ከአረብኛ ወደ ስፔንኛ የገቡ ቃላትን በማጥናት የታወቁት ስፔናዊው ምሁር ፌዴሪኮ ኮሪዬንቴ ኦሌን የመደቧት ያለ በቂ ማስረጃ ከአረብኛ መጡ ከሚባሉት ቃላት ጎራ ነው። ለተማሪው ከትውልድ ሐረጓ ይልቅ የሚጠቅመው አነጋገሯ ነው። የስፔን ሮያል አካዳሚ መዝገበ ቃላት ቃሏን በሁለት መልክ ይቀበላታል፤ በአንዱ የድምፅ ጫናው «ኦ» ላይ፣ በሌላው «ሌ» ላይ ያርፋል። የውጭ አገር ሰው ከኳስ ሜዳና ከፊልም የለመዳት ሁለተኛዋን፣ መጨረሻዋ ከፍ ብሎ የሚጮኸውን ነው፤ በሄሬዝ አንድ አዳራሽ ጥግ የተቀመጠ አዛውንት የሚላት ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዋ ናት፤ «ኦ» ላይ ተጭኖ «ሌ»ን ወደ ታች ይለቃታል፣ አንዳንዴም ጎን ለጎን የተቀመጠው ሰው ብቻ እስኪሰማት ድረስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

የኦሌ አስቸጋሪነት ግልጽ የሚሆነው «ኮምፓስ» የሚባለውን ነገር በቅርብ ለሚያይ ሰው ነው። ኮምፓስ ዘፈኑም፣ ጊታሩም፣ እግሩም አብረው የሚዞሩበት የምት ዑደት ሲሆን፣ ፍላሜንኮ «ፓሎ» በሚባሉ በርካታ የዜማ ቤተሰቦች ስለሚከፈል እያንዳንዱ ፓሎ የራሱ ኮምፓስና የራሱ መንፈስ አለው። የብዙዎች እናት ተደርጎ የሚታየው «ሶሌአ» 12 ምት ይቆጥራል፤ ነገር ግን ምቶቹ እኩል ክብደት የላቸውም፤ ጫናው የሚያርፈው በ3ኛው፣ በ6ኛው፣ በ8ኛው፣ በ10ኛውና በ12ኛው ላይ ነው። በመሆኑም በመጀመሪያው አጋማሽ በሦስት በሦስት ይራመድ የነበረው ዑደት ከ6ኛው በኋላ በሁለት በሁለት እየሄደ ይጠጋጋል፤ 10ኛው ምት ላይ ሐረጉ ይዘጋል፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ለትንፋሽ የተተዉ ያህል ክፍት ሆነው ወደሚቀጥለው ዑደት ያሻግራሉ። ይህ መዝጊያ «ሬማቴ» ይባላል። ኮምፓሱን የሚያውቅ አዳማጭ ሬማቴው ከመድረሱ በፊት መምጣቱ ይታወቀዋልና ኦሌው ከ10ኛው ምት ጋር አብሮ ወይም ከእሱ በኋላ በተተወው ክፍት ቦታ ላይ ይወድቃል፤ ኮምፓሱን የማያውቅ ግን መልካም ነገር መሠራቱን የሚረዳው ከተሠራ በኋላ ስለሆነ የእሱ ኦሌ የሚደርሰው አዲሱ ዑደት ከተጀመረና ዘፋኙ ሌላ ሐረግ ከጀመረ በኋላ፣ በሥራው ላይ ነው።

ነገሩ በተሻለ የሚታየው «ፔኛ» በሚባል ቦታ ነው። ፔኛ የፍላሜንኮ አፍቃሪዎች በአባልነት ተሰባስበው የሚያቋቁሙት ማኅበርና መሰብሰቢያ ቤት ሲሆን፣ በግራናዳ የሚገኘውና በ1949 የተመሠረተው ላ ፕላቴሪያ ከሁሉም አንጋፋው ነው። እንዲህ ያለ ቤት ግድግዳው በሞቱ ዘፋኞች ፎቶግራፍ ይሞላል፤ መድረኩ ዝቅተኛ ነው፣ ወንበሮቹ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፣ በሄሬዝ ከሆነም በጠረጴዛው ላይ የሚታየው የአካባቢው ነጭ ወይን በትንንሽ ብርጭቆ ነው። ዘፈኑ ሲጀመር ባንኮኒው ሥራ ያቆማል፤ ብርጭቆ የሚያንኳኳ ሰው ካለም የጎረቤቶቹ ዓይን ያርመዋል። ዘፋኙ ቀጥ ባለ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጊታር መቺው አጠገቡ ሆኖ «ፋልሴታ» የተባለውን፣ ጊታሩ ብቻውን የሚናገርበትን አጭር የዜማ ምንባብ ይደረድርና መንገዱን ይጠርጋል። ከዚያ ዘፋኙ ቃል ሳይኖረው «አይ» እያለ ድምፁን ይፈትሻል፣ ቅኝቱን ይፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ከአዳራሹ የሚሰማ ነገር ቢኖር አንድ ወይም ሁለት ዝቅ ያለ «ቫሞስ» ብቻ ነው።

ግጥሙ ሲመጣ አጭር ነው፤ የሶሌአ ግጥም ሦስት ወይም አራት ስንኝ ብቻ ሲኖረው እያንዳንዱ ስንኝ «ቴርሲዮ» ይባላል፣ ብዙውን ጊዜም ይደገማል። የመጀመሪያው ቴርሲዮ ያልቃል፣ ጊታሩ በሁለት ሦስት ድምፅ ይመልሳል፣ ሁለተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰውም ራሱን ሳያነሣ በትንፋሹ «ኦሌ» ይላል። ዘፋኙ ወደ እሱ አያይም፤ መስማቱን የሚያሳውቀው ስንኙን ሲደግመው ቀድሞ ባቋረጠበት ቦታ ሳይቆም ትንፋሹን ዘርግቶ ወደሚቀጥለው በመሻገሩ ነው። ጊታር መቺውም ይህን ሲያይ መልሱን ያዘገያል፣ ቦታ ይለቃል። የመጨረሻው ቴርሲዮ ወርዶ 10ኛው ምት ላይ ሲያርፍ ግን የሚሰማው የአንድ ሰው ድምፅ አይደለም፤ ሠላሳ ሰው ሳይማከር በአንድ ጊዜ አንድ ቃል ያወጣል። እንዲህ ያለው ኅብረት የሚገኘው ሁሉም በውስጡ አንድ ዑደት ይቆጥር ስለነበረ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው በሄሬዝ ስለ አንድ አዳማጭ ሲወራ ምን ያህል እንደሚያደንቅ ሳይሆን ማዳመጥ ማወቅ አለማወቁ የሚነሣው።

ሁሉም ፓሎ ግን እንዲህ የሚቆጠር አይደለም። ማላጌኛና ታራንታ በነጻ ምት የሚዘፈኑ ናቸው፤ «ቶና» እና ከአንጥረኞች ቤት ጋር ስሙ የሚያያዘው «ማርቲኔቴ» ደግሞ ያለ ጊታር፣ በባዶ ድምፅ የሚወጡ ናቸው። እዚህ አዳማጩ የሚደገፍበት ቁጥር የለውም፤ መመሪያው የዘፋኙ ሳንባ ነው፤ ሐረጉ መውረዱን፣ ትንፋሹ ማለቁን፣ ድምፁ ሊታጠፍ መሆኑን እያየ ቴርሲዮው በተዘጋበትና አዲሱ ትንፋሽ በሚሳብበት መካከል ባለችው ቅጽበት ቃሉን ያስገባል። «ሲጊሪያ» የሚባለው፣ ከሞትና ከብርቱ ሐዘን ጋር የተቆራኘው ፓሎ ሲዘፈን ደግሞ ብዙ ሰዎች ፈጽሞ ዝም ማለትን ይመርጣሉ፤ በዚያ ሰዓት የሚወረወር ደማቅ ኦሌ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደማጨብጨብ ይሆናል።

ዝምታው ግን ሁልጊዜ አክብሮት አይደለም። ገጣሚው ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ፣ ከሙዚቃ ቀማሪው ማኑኤል ዴ ፋያ ጋር ሆኖ በ1922 በግራናዳ የጥንታዊውን ዘፈን ውድድር ካዘጋጁት አንዱ የነበረው፣ በ1933 በቦነስ አይረስ ስለ «ዱኤንዴ» ማለትም ተጫዋቹን ከሙያው በላይ ወስዶ ስለሚጥለው ኃይል ባደረገው ንግግር ላይ አንድ ታሪክ ተርኳል። «የማበጠሪያዎቹ ልጅ» በሚል ቅጽል የምትታወቀው ታላቋ ዘፋኝ ፓስቶራ ፓቮን በካዲዝ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ድምፅዋን እንደፈለገች እያዘዘች ትዘፍናለች፤ አዳማጮቹ ግን ትንፍሽ አይሉም። በመጨረሻ አንድ አጭር ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ፓሪስን ያወድሳል፤ አባባሉ እኛ እዚህ ያጌጠ ችሎታ አላማረንም፣ እሱን ለሚወዱት ሄደሽ አሳይ እንደ ማለት ነበር። ሴቲቱ በንዴት ትነሣለች፣ ጠንካራ አረቄ በትልቅ ብርጭቆ ትጨልጣለች፣ ከዚያም ጉሮሮዋ እየተቃጠለ፣ ድምፅዋን ጥላ እንደገና ትዘፍናለች፤ ያን ጊዜ ቤቱ ይናወጣል። ታሪኩ በገጣሚ አንደበት የተነገረ በመሆኑ ዝርዝሩን ሁሉ እንደ መዝገብ መውሰድ አይገባም፤ ቢሆንም የተነፈገ ኦሌ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። እንከን የሌለው ሥራ ኦሌ ሳያገኝ ቀርቶ የተሰነጠቀ ድምፅ ሊያገኛት መቻሉ ለአዲስ ተማሪ ግራ የሚያጋባ ሲሆን፣ በጊዜ ብዛት እንጂ በማብራሪያ የሚፈታ አይመስልም።

የአገሩ ልጅ ይህን የሚማረው ማንም ሳያስተምረው ነው። ፍላሜንኮን በዋናነት ያቆዩት የአንዳሉሲያ ሂታኖዎች፣ ማለትም ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደ ስፔን የገቡት የሮማ ሕዝብ ልጆች፣ ለዘመናት በሕግ የተገፉ ነበሩ፤ በሐምሌ 1749 የመንግሥት ወታደሮች በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ አፍሰው እንዲያስሯቸው መታዘዙም ከዚህ መከራ አንዱ ነው። ዘፈኑ የኖረው በቤትና በግቢ፣ በሠርግና በክርስትና ድግስ በመሆኑ በሄሬዝ የሳንቲያጎና የሳን ሚጌል ሰፈሮች ሕፃን ልጅ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ኮምፓሱን ያጨበጭባል፤ እጁ በትክክለኛው ቦታ ሲወድቅ ከዙሪያው ኦሌ ይሰማል፣ ሲሳሳት ምንም አይሰማም። በዚህ መንገድ ኦሌን ከመናገሩ በፊት ሲቀበላት ያድጋል።

ከውጭ የሚመጣው ግን ተገላቢጦሹን መሄድ አለበት። ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ በአውሮፓ የብርድ ወቅት ማብቂያ በሚካሄደው የሄሬዝ ፌስቲቫል ላይ ከትርኢቱ ጎን ለጎን ትምህርት የሚሰጥ በመሆኑ ከጃፓን፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ ተማሪዎች ከተማዋን ይሞሏታል። በቡሌሪያስ ክፍል ውስጥ የሚታየው የተለመደ አሠራር እንዲህ ነው። ቡሌሪያስ የሄሬዝ መለያ የሆነ ፈጣን ፓሎ ሲሆን፣ እሱም 12 ምት ቢኖረውም አቆጣጠሩ ከ12 ይጀምራል፤ 12፣ 3፣ 6፣ 8፣ 10። ተማሪዎቹ ግማሽ ክብ ሠርተው ይቆሙና ማጨብጨብ ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ መዳፍ ጎድጎድ ብሎ በመዳፍ ላይ የሚያርፍበትን፣ ድምፁ የታፈነውን «ፓልማስ ሶርዳስ»፣ ቀጥሎም የአንዱ እጅ ጣቶች በሌላው መዳፍ ላይ ጠንክረው የሚመቱበትን፣ የጠራውን «ፓልማስ ክላራስ»። ዘፈን ካለ የታፈነው ይመረጣል፣ ድምፅ እንዳይሸፍን። ከዚያ አንድ ተማሪ ወደ መሀል ይገባል፣ «ያማዳ» በሚባል የጥሪ እርምጃ መምጣቱን ያሳውቃል፣ ጥቂት ዑደት ይወዛወዛል፣ በሬማቴ ዘግቶ ይወጣል። በዙሪያው ያሉት ጭብጨባውን ሳይስቱ ኦሌ ማለት አለባቸው፤ ችግሩም እዚህ ይጀምራል። አፍ ሲከፈት እጅ ይሳሳታል፣ ወይም ኦሌው አንድ ምት ይዘገይና ሊወጣ የነበረውን ተማሪ ያደናቅፈዋል፤ ምክንያቱም ለመሀለኛው ኦሌ ጥሪው መሰማቱን የሚያረጋግጥለት ምልክትም ናት። በዚህ ጊዜ አንዳንድ አስተማሪዎች ጭብጨባውን አስቁመው ተማሪዎቹ በየዑደቱ 10 ላይ ብቻ፣ ያለ ምንም ስሜት፣ ቃሏን እንዲሉ ያደርጓቸዋል። አድናቆትን እንዲህ በቁጥር ማለማመድ ለጊዜው ሐሰት ይመስላል፤ ያለዚህ ግን እውነተኛው አድናቆት የሚገባበትን በር አያገኝም።

ከፍላሜንኮ ውጭ ቃሏ የምትገዛው በሌላ ሕግ ነው። በበሬ ፍልሚያ ሜዳ የኦሌ ርዝመት የሚለካው በእንቅስቃሴው ርዝመት ነው፤ በሬው ቀዩን ጨርቅ ተከትሎ በዝግታ ሲያልፍ የሕዝቡ ድምፅ አብሮ ይዘረጋል፣ እንቅስቃሴው ከተቆረጠም ድምፁ ይቆረጣል፤ የሴቪያው የማኤስትራንሳ ሜዳ ሕዝብ ደግሞ ቃሏን በመቆጠብና በዝምታው ይታወቃል። በኳስ ሜዳ ኦሌ ወደ ፌዝ ታደላለች፤ ደጋፊው በእያንዳንዱ ቅብብል የሚጮኻት የራሱን ቡድን ለማመስገን ያህል ኳስ ያጣውን ተቃራኒ ለማሸማቀቅም ጭምር ነው። ልማዱ በ1958 በሜክሲኮ ሲቲ፣ ብራዚላዊው ጋሪንቻ የአርጀንቲናውን የሪቨር ፕሌት ተከላካይ ሲያታልል እንደተጀመረ በሰፊው ይወራል። በዕለት ተዕለት ኑሮ ፈተና ላለፈ ልጅ፣ ለጣፈጠ ወጥ፣ ለደፋር መልስ «ኦሌ» ማለት የተለመደ ሲሆን፣ ሳህን ጥሎ ለሰበረ አስተናጋጅም ልትባል ትችላለች፤ ያን ጊዜ ትርጉሟ ግልጽ ነው።

የኦሌ ሌላው መልክ የሚከፈልባት ኦሌ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ «ካፌ ካንታንቴ» የተባሉት የዘፈን ቤቶች በአንዳሉሲያ ከተሞችና በማድሪድ ሲከፈቱ ፍላሜንኮ ከግቢ ወጥቶ ትኬት የሚቆረጥለት ጨዋታ ሆነ፤ አዳማጩም በከፊል ኮምፓስ የማያውቅ ገንዘብ ከፋይ ስለሆነ ሃሌኦው ወደ መድረኩ ወጣ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንት ወደ ስፔን ተጉዞ ከተመለሰ በኋላ በ1882 ያሳየው፣ ዛሬ በቦስተን የኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየም የሚገኘውና ወርዱ 3 ሜትር ተኩል ያህል የሆነው ሥዕል ስሙ ራሱ «ኤል ሃሌኦ» ነው። ነጭ ቀሚስ የለበሰችው ተወዛዋዥ ከፊት ብትሆንም ከኋላዋ በግድግዳው ሥር የተደረደሩት ናቸው ሥዕሉን የሚያነዱት፤ ጊታር መቺዎች አጎንብሰዋል፣ ሌሎች ያጨበጭባሉ፣ አንዱ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ አፉን ከፍቷል፤ አንድ ባዶ ወንበር ላይም ብርቱካን ተቀምጣለች። በኋላ የመጡት ቀደምት ሸክላዎችም ይህንኑ መድረክ ይዘዋል፤ በአሮጌ ሸክላ ላይ ከዘፋኙ ጀርባ ስሙን እየጠሩ የሚያወድሱ ድምፆች ይሰማሉ፤ ስቱዲዮው ባዶ በመሆኑ አዳማጩን ይዘው መግባት ነበረባቸው።

ዛሬ ይህ ሥራ «ፓልሜሮ» በሚባል ባለሙያ የተያዘ ነው። ፓልሜሮ በጭብጨባና በሃሌኦ የሚያጅብ ሲሆን፣ በ1956 በማድሪድ እንደተከፈተው ኮራል ዴ ላ ሞሬሪያ ባሉ «ታብላኦ» የሚባሉ የፍላሜንኮ ምግብ ቤቶችም ሆነ በትልልቅ መድረኮች የሄሬዝ ፓልሜሮዎች ተፈላጊዎች ናቸው። ታብላኦ ውስጥ ጎብኚዎች ኦሌ የሚሉት ብዙውን ጊዜ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ከጭብጨባው ጋር ነው፤ ተጫዋቾቹም ይህን በፈገግታ ያልፉታል፣ ምክንያቱም የሚያስፈልጋቸውን ኦሌ ከጎናቸው ከተቀመጠው ሰው በጊዜው ተቀብለዋል። አንዳንድ አፍቃሪዎች ደመወዝ የሚከፈላትን ኦሌ እንደ አስመሳይ ያዩዋታል። ይህ ፍርድ ግን ከፓልሜሮው አጠገብ ቆሞ የሚወዛወዝን ሰው ችግር የዘነጋ ነው፤ ተወዛዋዡ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጥሎ፣ ጊታሩ በተረከዙ ድምፅ ተውጦበት ዑደቱ ሊጠፋው ሲል የያዘው ሰው ቢከፈለውም ባይከፈለውም 10 ላይ የሚወድቀው ቃል እኩል ይጠቅመዋል።